ሁለት ጣት

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከወፍጮው ግንብ ማዶ፣
አንዲት ሱቅ አለችኝ፣
ዝናብ የምትቋጥር ጣሪያዋ ጎድጉዶ፤
አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ክብ መቀመጫ፣
አንድ የተሸራረፈ የጨርቅ መቁረጫ፤
ግድግዳው ላይ ደግሞ ሚስማር ተደርድሮ፣
የሰው ልብስ ተሰቅሏል፣ በቀጠሮ ታስሮ።
የሙሽሪት ቀሚስ፣ ሙሽሪት ግን ወልዳ፤
የሟቹ ሐጅ አሊዩ ኮት፣ የማይከፈል ዕዳ።

«ሐሙስ ነይ» እላለሁ፤ «ቅዳሜ ነው» ደግሞ፤
«አብሽር፣ ቁልፍ ብቻ ነው»፣ መርፌዬ ተጋድሞ።
ጧቴ እንዲህ ነበረች፦ በአራት ሰዓት ከፍቼ፣
ከጎረቤት ጋራ ደጅ ላይ ተጎልቼ፣
የአላፊ አግዳሚውን ትከሻ ስለካ፣
የራሴን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም ለካ።
«ጊዜ አጣሁ» እላለሁ። ጊዜ መቼ አጣኝ?
እዚያው ደጃፌ ላይ ሁልጊዜም ያገኘኝ።

ከሰዓት በርጫ ነው። ይመር እግሩን ዘርግቶ፣
ዓለምን ያቀናል፣ የኔን መንገድ ዘግቶ።
ኮምቦልቻ ላይ ፎቅ፣ ሐይቅ ዳር ሎጅ ሠርተን፣
ሲመሽ ገራባውን ጠርገን እንወጣለን፣
ፎቁን እዚያው ትተን።

ነሐሴ ማለቂያ፣ ጉም ጦሳን ሲያለብስ፣
ሉባባ ልጇን አመጣች፣ ለትምህርት ቤት ልብስ።
አወል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ጥርሱ የወለቀ፣
ሜትሩ ሲነካው ተኮርኩሮ የሳቀ።
ለካሁት፤ ጻፍኩት። «ትምህርት ሲከፈት ነይ» አልኩኝ፣
ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል ብር አስጨበጠችኝ።

መስከረም፦ «መብራት የለም»። ጥቅምት፦ «ክር ጠፋ» አልኩ።
ኅዳር ላይ ታመምኩ፣
ታኅሣሥ ላይ «ወላሂ» ብዬ ማልኩ።

ጥር ላይ፣ አንድ አርብ፣ ሱሪው ተጠናቀቀ።
አወል ገብቶ ለበሰ። ሱቁ ሁሉ ሳቀ።
ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ሱሪው ተሰቅሎ፣
እጅጌው ከአንጓው ሸሽቶ፣
ቁልፉ አልገናኝ ብሎ።
ሉባባ አልተቆጣች፣ ስድብም አልወጣት፤
ተንበርክካ ለካች፣ በእጇ፦
ሁለት ጣት።
«አይዞህ፣ ሙሄ» አለች፤ «ልጁ ነው ያደገ፤
እግሩ ሲያድግ አልሰማህ፣ ስትለኝ ‹ነገ… ነገ›።»

ያን ሌት ዘረጋሁት ዕድሜዬን እንደ ጣቃ፤
አርባ አንድ ሜትር ሙሉ። ምን ሰፋሁት? በቃ?
ቁርጥራጭ፣ ብጥስጣሽ፣ ለኪስ የማይበቃ።

በማግስቱ ምንም ተአምር አልሠራሁም፤
ጫትም አልማልኩበት፣ ይመርን አልጠላሁም።
አንዲት ነገር ብቻ፦ ከፈጅር ሶላት መልስ፣
አንድ ቅምቀማ ልጨርስ፣ ወሬ ደጄ ሳይደርስ።
ሰኞ ጣቴን ወጋሁ።
ማክሰኞ ተኛሁ።
ሮብም ተኛሁ።
ሐሙስ እንደገና ሠራሁ።
ስልኬን ከክሮቹ ጋር መሳቢያ ቆልፌ፣
ተነስቶ ቆመልኝ የተጋደመው መርፌ።

አንድ ጊዜ «ሐሙስ» ያልኩት ሐሙስ ሆነ፤ እኔው ደነገጥኩኝ፤
ደንበኛው ቅዳሜ መጣ፣ «ለምዶብኝ ነው» አለኝ።
በርጫውም አልቀረ፤ ግን ከአስር በኋላ፤
ይመር ይቀልዳል፦ «ይሄ ሰው ሆነ ሌላ!»
ራሱ ግን ቁልፍ ይተክላል፣ ጉንጩን እንደሞላ።

ከሚስማሩ ልብሱ አንድ ባንድ ወረደ፤
የግድግዳው ቀለም ሰማያዊ ነበር ለካ፣
ዓይኔን ወሰደ።

ለአወል ሌላ ሰፋሁ፣ በሦስት ቀን ጨርሼ፣
ከእግሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ መልሼ።
«ሲያድግ ፍቺው» አልኳት፤ «ሁለት ጣት አለበት»።
ሽንኩርት አስቀመጠች፣ መቀሴ ካለበት።
የፊተኛውን ግን እኔው አስቀረሁት፤
ከወንበሬ ትይዩ፣ እዚያው ሰቀልኩት።

ዛሬም አንዳንድ ጧት እንቅልፍ ይጥለኛል።
ዘግይቼ ስከፍት ወፍጮው ተነስቷል፤
ግድግዳው ሲርድ፣
ያ አጭር ሱሪ ሚስማሩ ላይ እግሩን ያወዛውዛል፣
ሊሮጥ የተነሳ ልጅ ይመስላል።